ድራሙን ማን መታው? ስለ ቶቶ ባንድ በሎስ አንጀለስ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ ወንበር ሞልቷል። አባቶች፣ እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንዲሁም እዚያ ጥግ ይዛችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ምሽቱን ያሰናዱትን አመሰግናለሁ። ቡናውን ያፈላችልንን እህታችንንም አመሰግናለሁ።

ስጋበዝ ስለ ሀገራችን ሙዚቃ እንድናገር መስሎኝ ነበር። «የለም፣ ስለምትወደው የፈረንጅ ባንድ አውራልን» አሉኝ። ድራመርን «ስለ ሙዚቃ አውራ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቁት አልቀራችሁም። እንግዲህ ራሳችሁ የለኮሳችሁት ነው፣ ቻሉት። (ሳቅ)

የማወራው ስለ ቶቶ ነው። ቶቶን የሚያውቅ እስቲ እጅ ያውጣ? ሦስት፣ አራት፣ እዚያ ጋር ጋሼ፣ አምስት። እሺ። «አፍሪካ» የሚለውን ዘፈን የሚያውቅስ? አያችሁ! ቤቱ ሙሉ ነው። ዘፈኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሰዎቹን ማንም አያውቃቸውም። የዛሬው ነገሬ በሙሉ እዚህች ላይ ናት።

ሦስት ነጥብ አለኝ። አንደኛ፣ ሰዎቹ እነማን ናቸው። ሁለተኛ፣ ስቱዲዮ ገብተው ምን ሠሩ። ሦስተኛ፣ እኛን ኢትዮጵያውያንን በምን ነኩን። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ከአሁኑ ይቅርታ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አንደኛ። ሰዎቹ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። አሁን ካለንበት ከፌርፋክስ ተነስታችሁ፣ ኮረብታውን ተሻግራችሁ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ብትወርዱ ግራንት የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። አብዛኞቹ እዚያ ነው የተማሩት። ድራመሩ ጄፍ ፖርካሮ፣ ወንድሞቹ ማይክና ስቲቭ፣ ኪቦርዲስቱ ዴቪድ ፔይች፣ ትንሽ ዘግይቶ ደግሞ ጊታሪስቱ ስቲቭ ሉካተር። የፖርካሮዎቹ አባት ጆ ፖርካሮ ከበሮ መቺ ነበር። የፔይች አባት ማርቲ ፔይች ስመ ጥር አቀናባሪ ነበር። ሁለቱም አባቶች እንጀራቸውን የሚበሉት ከስቱዲዮ ነው። ልጆቹ ሙዚቃን መጀመሪያ ያወቁት እንደ ሥራ ነው። አባት ጠዋት ይወጣል፣ የታዘዘውን ይጫወታል፣ ማታ ደሞዙን ይዞ ይገባል። ስሙን የሚያውቅለት የለም።

ጄፍ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከዘፋኞቹ ከሶኒና ሼር ጋር መድረክ ላይ ነበር። በ1975 ስቲሊ ዳን በሚባለው ባንድ አልበም ላይ ድራም መታ። በ1976 ዘፋኙ ቦዝ ስካግስ «ሲልክ ዲግሪስ» የሚባል አልበም አወጣ፣ በሚሊዮን ተሸጠ። በዚያ አልበም ላይ ፔይች ዘፈኖቹን አብሮ ደረሰ፣ ኪቦርድም ተጫወተ። ጄፍ ድራሙን ያዘ፣ ዴቪድ ሀንጌት ቤዙን ያዘ። ያኔ ነው «ለሰው እየሠራን እስከ መቼ?» ያሉት። በ1977 ቦቢ ኪምቦል የሚባል ድምፀ ቀጭን፣ ጉሮሮው ብረት የሆነ ዘፋኝ ጨምረው ቶቶን መሠረቱ። በ1978 የመጀመሪያው አልበም ወጣ። «ሆልድ ዘ ላይን» አሜሪካ ውስጥ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ። ቶሎ ነው የተሳካላቸው።

ሃያሲዎቹ ግን አልወደዷቸውም። ጥርት ያለ ግን ቀዝቃዛ ሙዚቃ፣ የስቱዲዮ ሰዎች ሙዚቃ፣ ፊት የሌለው ባንድ ተባሉ። እውነቱን ልንገራችሁ? ግማሹ ትክክል ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አልበም ላይ ችሎታው ሞልቶ ፈሷል፣ ዘፈኑ ግን የለም። ሦስተኛው በ1981 ወጥቶ ገበያው ላይ ተኛ። ኩባንያው ፊቱን አጠቆረ። አራተኛው ካልያዘ ነገሩ ያበቃ ነበር።

ሁለተኛ! አሁን ወደ ስቱዲዮ እንግባ።

አራተኛው አልበም «ቶቶ ፎር» ይባላል፣ የ1982 ሥራ ነው። ከተቀዳባቸው ስቱዲዮዎች አንዱ ሰንሴት ሳውንድ ነው፣ እዚሁ ሆሊውድ ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ። ብዙዎቻችሁ በታክሲም በኡበርም በበሩ አልፋችኋል፣ ልብ አላላችሁትም እንጂ። አልበሙ የሚከፈተው በ«ሮዛና» ነው። ግጥምና ዜማው የፔይች ነው። ስሙ የተዋናይቷ የሮዛና አርኬት ስም ነው፣ ያኔ የስቲቭ ፖርካሮ ፍቅረኛ ነበረች። ሐሜቱን እናቆየውና ወደ ድራሙ እንሂድ።

እስቲ ይህን ጠረጴዛ ልምታላችሁ። ይሰማል? ቀኝ እጄ ሃይሃት ላይ፣ ማለትም በእግር በሚገጠሙት ጥንድ ሳህኖች ላይ ነው በሉ። እያንዳንዱን ምት ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። በችክችካ ያደገ ሰው ሦስት መቁጠር መቼም አይቸግረውም። (ሳቅ) አሁን ቀኝ እጄ አንደኛዋንና ሦስተኛዋን ብቻ ይመታል። መሃል ያለችው ቀረች፣ አይደል? እሷን ግራ እጄ ስኔሩ ላይ፣ ማለትም ፊት ለፊት ባለችው ትንሽ ከበሮ ላይ ነካ ያደርጋታል። ነካ ብቻ! የዱላው ጫፍ ከቆዳው ብዙም አይነሳም። ድራመሮች «ጎስት ኖት» ይሏታል። ትሰማላችሁ ወይስ ይመስላችኋል? ሁለቱም። ከዚያ አራት ስንቆጥር፣ ሦስተኛው ላይ፣ ያው ግራ እጅ ጣ! ያደርጋል። ሲያባብል የነበረው እጅ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ጣ! ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ማባበል። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ጠንክሮ መምታት ቀላል ነው። በስሱ መንካትም ይለመዳል። ሁለቱን በአንድ እጅ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ሳይንገዳገዱ ማድረግ ግን ሰው ያስለቅሳል።

እኔ ይህን ምት በካሴት የሰማሁት አዲስ አበባ ነው። ድራም ከየት ይመጣል? ሶፋችን ክንዱ ሰፊ ነበር፣ እሱን ስወቅጥ እውላለሁ። እናቴ ከጓዳ ሆና «አንተ ልጅ፣ ያ ሶፋ ምን በደለህ?» ትላለች። ሶፋው እስኪጎደጎድ መታሁት፣ ምቱ ግን አልመጣም። ዛሬም ሙሉ በሙሉ መጣ አልልም።

ጄፍ ደግሞ ከየት እንዳመጣው አልደበቀም። በማስተማሪያ ቪዲዮው ላይ ራሱ ዘርዝሮታል። መሠረቱ የድራመሩ የበርናርድ ፐርዲ ነው፣ የሌድ ዜፕሊን ባንድ ድራመር ጆን ቦናም «ፉል ኢን ዘ ሬይን» ላይ የመታውም አለበት፣ የእግሩ ምት ከጊታሪስቱ ከቦ ዲድሊ የመጣ ነው። ሦስት ሰው አመስግኖ የራሱን ሠራ። ወጣት ሙዚቀኞች እዚህ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። ከማን ወሰድክ ሲባሉ «ከራሴ» የሚሉ ስንቱን አይተናል!

«ሮዛና» ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጥቶ አምስት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። አንደኛ አልሆነም። አንደኛ የሆነው ማንም ያላሰበው ነው።

«አፍሪካ»ን ፔይች ሲጀምረው አፍሪካን ረግጦ አያውቅም። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ አፍሪካ በሚሲዮን ያገለገሉ መምህራን የነገሩት፣ በቴሌቪዥን ያየው፣ ያ ነው ስንቁ። ግጥሙ ላይ ኪሊማንጃሮ ከሴሬንጌቲ በላይ ሽቅብ ይታያል። ሁለቱም ታንዛኒያ ናቸው፣ ግን ጎረቤት አይደሉም። እኔ ግጥሙን ወድጄው አላውቅም። አህጉሩ ሁሉ ዝናብና የዱር አውሬ ነው፣ ሰው እምብዛም የለበትም። እዚህ ሀገር ሥራ ቦታ ስንት ጊዜ ነው «ከአፍሪካ ነህ? ያን ዘፈን ታውቀዋለህ?» የተባላችሁ? (ሳቅ) እኔን ቁጥር የለውም።

ሉካተርም አልወደደውም። ይህ ዘፈን ከያዘ ሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ ራቁቴን እሮጣለሁ ብሎ ፎከረ። ዘፈኑ በየካቲት 1983 አንደኛ ወጣ። ሲሮጥ ያየ ሰው ካለ ከንግግሩ በኋላ ያነጋግረኝ።

ታዲያ ግጥሙን ካልወደድኩት ምን አስቀመጠኝ? ምቱ! ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ጄፍ በልጅነቱ በ1964 ኒው ዮርክ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የአፍሪካ ከበሮ መቺዎችን አይቶ ነበር። አንዱ ሰው አንድ ምት ይይዛል፣ ይይዛል፣ ከሷ ንቅንቅ አይልም። ይህ ነገር በውስጡ ቀረ። «አፍሪካ» ሲመጣ ሌኒ ካስትሮ ከሚባለው የኮንጋ ተጫዋች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ያንኑ አንድ ምት ደጋግመው ተጫወቱ። የድምፅ መቅጃው ክር እየዞረ ይቀዳል። ከዚያ መልሰው አዳመጡና ከዚያ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ ምርጧን ቁራጭ መረጡ። ክሩን ቆረጡት፣ ጫፍና ጫፉን አያያዙት፣ እንደ ቀለበት እንዲዞር አደረጉት። ዘፈኑ በሙሉ በዚያች ቁራጭ ላይ ነው የቆመው። የድራም ማሽን ያኔም ነበረ እኮ! ማሽን መክፈት ይችሉ ነበር። የሰው እጅ ያለበትን ፈለጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እዚህ ከተማ ሰርግ ስጫወት ብዙ ጊዜ ድራም አልይዝም። አዳራሹ ይጠባል፣ ባጀቱም ይጠባል፣ «ኪቦርድህን ብቻ ይዘህ ና» ይባላል። ምቱ ኪቦርዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንዱን ቁልፍ ስጫን ይነሳል። አንድ ሰርግ ላይ አንድ አባት እስክስታውን ሲያወርዱት ቆዩና ላባቸውን እየጠረጉ ወደኔ መጡ። ሽልማት መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ከበሮ አይደክመውም እንዴ?» (ሳቅ) ምን ልበላቸው? አይደክመውም። ለዚህ ነው ሰውዬው የደከሙት። ከበሮ መቺ ከጨፋሪው ጋር ይተነፍሳል፣ ሲደክመው ያያል፣ ያሳርፈዋል። የጄፍና የሌኒ ክርም እንደ ማሽን ይደጋግማል፣ ግን የተደገመው የሁለት ሰው ትንፋሽ ነው። «አፍሪካ» ከአርባ ዓመት በኋላም ሳይሰለች የሚሰማው በዚህ ይመስለኛል።

በየካቲት 1983 የግራሚ ሽልማት ሲሰጥ ቶቶ ስድስት ወሰደ። የዓመቱ አልበም «ቶቶ ፎር»፣ የዓመቱ ቅጂ «ሮዛና»፣ የዓመቱ ፕሮዲዩሰር ራሳቸው። የቅንብርና የድምፅ ቀረጻ ጥራቱም ተሸለመ።

አሁን ደግሞ የምወደውን ልንገራችሁ። በዚያው በ1982 እነዚህ ሰዎች ሌላ ሰው ስቱዲዮ ውስጥም ነበሩ። ማነው? ማይክል ጃክሰን! አልበሙ? «ትሪለር»! አዎ፣ ያን ያላዳመጠ እጁን እንዲያወጣ አልጠይቅም።

የአልበሙ ፕሮዲዩሰር ኩዊንሲ ጆንስ ዘፈን ይፈልጋል። ፔይች ዘፈኖቹን በካሴት ይልክለታል፣ ካሴቱን የሚቀዳለት ስቲቭ ፖርካሮ ነው። ባዶ ካሴት ጠፋ። ስቲቭ በአንዱ ጎን የራሱ ጅምር ዜማ ያለበትን ካሴት አገላብጦ የፔይችን ቀዳበት። ኩዊንሲ የፔይችን ሰማ፣ እምብዛም አልያዘውም። ካሴቱ ግን አለቀና ገለበጠ። በሌላው ጎን ያልተጠናቀቀ ነገር ማንጎራጎር ጀመረ። የስቲቭ ትንሽ ልጅ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ገፍትሯት እያለቀሰች መጥታ «ለምን?» ብላ ጠይቃው ነበር፣ ከዚያ የተነሳ ዜማ ነው። ኩዊንሲ «ይህን ነው የምፈልገው» አለ። ገጣሚው ጆን ቤቲስ ግጥሙን ጨረሰው። «ሂዩማን ኔቸር» ሆነ። በካሴት ያደግን ሰዎች፣ ይህ ታሪክ አንጀት አይበላም? ባዶ ካሴት ቢኖር ኖሮ ያ ዘፈን አይወለድም ነበር።

«ቢት ኢት»ስ? ኤዲ ቫን ሄለን የጊታር ሶሎውን ሲጫወት ክሩን አስቆርጦ ዘፈኑን አስተካከለው። ሶሎው ድንቅ ሆነ፣ ግን የተቆረጠው ክር ከሌላው ጋር አልገጥም አለ። የቀረው የማይክል ድምፅና የኤዲ ሶሎ ነው። ምን ይደረግ? ጄፍና ሉካተር ተጠሩ። በልማዱ ድራም ይቀድማል፣ ዘፋኝ ይከተላል። እዚህ ላይ ዘፋኙ ዘፍኖ ሄዷል፣ ድራሙ ከኋላ ሮጦ ይደርስበታል! ጄፍ የማይክልን ድምፅ እየሰማ በዱላዎቹ መቁጠሪያ ምት ቀዳ፣ በዚያ ላይ ድራሙን መታ። ሉካተር ጊታሩንም ቤዙንም ተጫወተ። ያንን የጊታር ምልልስ የማያውቅ አለ? ታዲያ የካሴቱ ሽፋን ላይ ማን ነበር የተጋደመው? ማይክል ብቻውን፣ በነጭ ሱፍ። የእነሱ ስም በትንንሽ ፊደል ውስጥ ነው። መርካቶ ተባዝቶ የገዛነው ካሴት ላይ ደግሞ ትንንሾቹም ፊደሎች አልነበሩም።

ይህ የሰው ሀገር ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ሮሃ ባንድ በዚያ ዘመን ስንት ዘፋኝ አጀበ? የዘፋኞቹን ስም እዚህ ያለ ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ድራሙን ማን መታው ብላችሁ እርስ በርስ ተጠያየቁ እስቲ። ... ዝም አላችሁ።

ወደ ቶቶ ልመለስ፣ ሰዓቴ እየሄደ ነው። ከአራተኛው አልበም በኋላ ቁልቁለቱ መጣ። ኪምቦል ወጣ። ዘፋኝ መቀያየር ጀመሩ። በ1984 ፈርጊ ፍሬደሪክሰን፣ በ1986 ጆሴፍ ዊሊያምስ፣ የ«ስታር ዎርስ»ን ሙዚቃ የደረሰው የጆን ዊሊያምስ ልጅ ነው፣ በ1990 ደግሞ ሌላ። በ1986ቱ አልበም መጨረሻ ላይ የጃዙ ንጉሥ ማይልስ ዴቪስ ራሱ ጥሩንባውን ነፍቷል! ሙዚቀኛ እንደሚያከብራቸው ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ሕዝብ ግን በድምፅ ነው ባንድ የሚያውቀው። በየሁለት ዓመቱ ጉሮሮ የሚቀይርን ባንድ ማን ብሎ ይጥራው? «ዘ ሰቨንዝ ዋን» የተባለው የ1988 አልበም ለእኔ ከአራተኛው ቀጥሎ ምርጣቸው ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ያን ያህል አልተሰማም።

በነሐሴ 1992 ጄፍ ሞተ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ልቡ ነው የከዳው። ስለሱ ብዙ አልልም።

ማይክን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቤዝ ተጫዋቹ ወንድም ነው። ጡንቻ የሚያሰንፍ፣ ቀስ በቀስ እጅና እግር የሚይዝ በሽታ ያዘው። ባንዱ በ2008 ተበትኖ ነበር። በ2010 እንደገና ተሰብስበው ጉዞ የወጡት ለእሱ መርጃ ነው። ማይክ በመጋቢት 2015 ዐረፈ። ሃያሲዎቹ ቀዝቃዛ ያሏቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ «አፍሪካ»ን በቀልድ ነው የምታውቁት፣ አውቃለሁ። በ2018 አንዲት ወጣት ትዊተር ላይ ወትውታ ዊዘር የተባለው ባንድ እንዲዘፍነው አደረገች። በ2019 አንድ አርቲስት ናሚብ በረሃ ውስጥ ድምፅ ማጉያዎች ተክሎ በፀሐይ ኃይል ያንኑ ዘፈን ብቻ እንዲደጋግሙ አደረገ። ከበሮው አይደክመውም ያልኳችሁ ይኼው ነው!

ሦስተኛ፣ አጭሩ ነጥብ።

በ1985፣ በእኛ ጥር 1977 ማለት ነው፣ ያ ክፉ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ሲፈጅ፣ እዚህ ከተማ «ዊ አር ዘ ዎርልድ» ተቀዳ። ታላላቆቻችን ያን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ዘፈኑን ጎረቤት ቤት በካሴት ነው የሰማሁት። ማይክል ጃክሰንና ላየኔል ሪቺ ደረሱት፣ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። ቪዲዮውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ስቲቪ ወንደር፣ ሬይ ቻርልስ፣ ብሩስ ስፕሪንግስቲን፣ ሁሉም ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ተደርድረው። ግን እነሱ ከመምጣታቸው ቀናት በፊት የሙዚቃው መሠረት ተቀድቶ ነበር። ያ ሲጀምር የሚሰማው የሲንተሳይዘር ድምፅ ከየት መጣ? ሲንተሳይዘር ከተጫወቱት አንዱ ዴቪድ ፔይች ነው። ድምፆቹን በማሽኑ ላይ ካዘጋጁት አንዱ ስቲቭ ፖርካሮ ነው። ኪቦርዱን የያዘው ግሬግ ፊሊንጌንስም ኋላ ቶቶን ተቀላቅሏል።

ቪዲዮው ላይ ፈልጓቸው፣ አታገኟቸውም። እኛ ስንራብ ሰዎቹ ሥራቸውን ሠርተው ወደ ቤታቸው ገብተዋል፣ ካሜራው ያተኮረው ዘፋኞቹ ላይ ነው። ፔይች አፍሪካን ሳያይ አፍሪካን ስለዘፈነ ቅድም ወቅሼዋለሁ፣ ወቀሳዬን አላነሳም። ይህችን ግን ከጎኑ አስቀምጡልኝ።

ጨርሻለሁ፣ ጥያቄ ያለው ከእራት በኋላ ያግኘኝ። አሁን ወንድማችን «ሮዛና»ን ይከፍትልናል። ማንም ሳይዘፍን ድራሙ ብቻውን ይጀምራል። ለዛሬ ዘፋኙን ተዉት፣ ግራ እጁን ተከተሉት። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ወንድሜ።